የቁርጥማቴ ደብተር

«እንዴት ነሽ?» ሲሉን «ደህና ነኝ ተመስገን» ማለት ለኛ መልስ አደለም እኮ፣ ሰላምታ ነው። ሰው አልጋ ላይ ወድቆም ይለዋል። ችግሩ ሐኪሙም የሚጠይቀው በዛው ቃል ነው፣ «እሺ እናቴ፣ ካለፈው ወዲህ እንዴት ነሽ?» ይላል፣ አፌ ቀድሞኝ «ደህና ነኝ ተመስገን» ይላል፣ እሱም ካርዱ ላይ ተሽሏታል ብሎ ይጽፍና በቃ፣ ጠዋት ጠዋት ፀጉሬን ማበጠር አቅቶኝ የከረምኩት ሁሉ እዛው ወንበር ላይ ቀረ። ወጥቼ ባጃጅ ውስጥ ስገባ ነው «ውይ፣ ይሄን ሳልነግረው» የምለው። ይሄ ያልደረሰበት ሕመምተኛ ካለ እጁን ያውጣ።

እኔ ያለብኝ ሩማቶይድ አርትራይተስ የሚባለው ነው። ሰፈር ውስጥ ቁርጥማት ይሉታል፣ ግማሹ ደግሞ ሪህ ነው ብሎ ስጋ ተዪ ይለኛል። ሪህ ሌላ ነው፣ ዩሪክ አሲድ ደም ውስጥ በዝቶ መገጣጠሚያ ላይ ሲጠራቀም የሚመጣ ነው። የኔ ግን ከበሽታ ሊጠብቀኝ የተሰራው የሰውነቴ መከላከያ ዞሮ የራሴን መገጣጠሚያ የሚያጠቃበት ነው፣ ስጋ በላሁ አልበላሁ ጉዳዩ አደለም። አብዛኛውን ጊዜ ከትናንሾቹ ይጀምራል፣ ከእጅ ጣት፣ ከአንጓ፣ ከእግር ጣት፣ ደሞ ሁለቱንም ጎን ነው የሚይዘው። ጨርሶ የሚነቅለው መድኃኒት የለም፣ ግን ቶሎ ከተያዘና መድኃኒቱ በትክክል ከተስተካከለ ጣት ሳይጣመም፣ አጥንት ሳይበላ ማቆየት ይቻላል። ይቺ «ከተስተካከለ» የምትለዋ ነገር ላይ ነው ደብተሩ የሚመጣው። ምክንያቱም መድኃኒት የሚጨመረውና የሚቀነሰው ግማሹ በደም ምርመራ ግማሹ ደግሞ እኛ በምንናገረው ነው።

ጅማ ውስጥ፣ መንደራ አካባቢ ትንሽ ሱቅ አለችኝ። ሱቅ ያለው ሰው ያውቀዋል፣ ዱቤ ሰጥቶ ያልጻፈ ሰው ከደንበኛው ጋ ይጣላል፣ ማንም ሳይዋሽ፣ ሁለቱም የሚያስታውሱት የተለያየ ስለሆነ ብቻ። ከሕመም ጋርም እንደዛው ነው የሆንኩት። ዛሬ ሲሻለኝ ያለፈውን ሳምንት እረሳዋለሁ፣ ዛሬ ሲብስብኝ ደግሞ ተሽሎኝ የማያውቅ ይመስለኛል። ስለዚ ከዱቤ ደብተሩ ጎን ሌላ ደብተር አስቀመጥኩ፣ ያው ባለ 50 ሉክ የተማሪ ደብተር ነው፣ የተለየ ነገር የለውም።

አንዱን ገጽ እንዳለ ልገልብጠው፦

«ማክሰኞ። የነቃሁት 12፡15። ጣቶቼ የተፍታቱት 3 ሰዓት ተኩል። ጀበና በሁለት እጅ። የቀኝ መሃል ጣት መነሻው ያበጠ፣ ይሞቃል። ፕሬድ 5 ከቁርስ በኋላ። ዲክሎ የለም። ሌሊት ሁለቴ ነቃሁ።»

በቃ ይሄ ነው። ከዚ በላይ ብዙ ቀን አልጽፍም። ፕሬድ ያልኩት ፕሬድኒሶሎን ነው፣ ዲክሎ ደሞ ዲክሎፌናክ የሚባለው የሕመም ማስታገሻ፣ ወደ ኋላ እመጣባቸዋለሁ።

ጀበናዋ ምንድነች ለምትሉ፣ ሐኪም ቤት «ሕመሙ ከ10 ስንት ነው?» የሚባል ነገር አለ አደል፣ ያ ነገር ለኔ አይገባኝም፣ መቼም አልገባኝም። ዛሬ 6 ያልኩት ነገ 6 ከምለው ጋ አንድ ይሁን አይሁን በምን አውቃለሁ? ልጅ የወለደች ሴት 10 ምን እንደሆነ ስለምታውቅ ሁሉም ነገር 4 ነው የሚሆንባት። ስለዚ ቁጥሩን ትቼ ጠዋት ጠዋት በማደርገው ነገር መለካት ጀመርኩ። ቡና የማይፈላበት ቀን የለም፣ ጅማ ተወልጄ ቡና ሳይፈላ ሊነጋ? ሙሉ ጀበና በአንድ እጄ አንስቼ መቅዳት ከቻልኩ «አንድ እጅ» ብዬ እጽፋለሁ። ሌላኛው እጅ ከስር መደገፍ ካለበት «ሁለት እጅ»። ካቃተኝና ልጄ ከቀዳች «ልጄ»። ዘነዘናውን ከተውኩት ቆየሁ፣ ቡናው አሁን በማሽን ነው የሚፈጨው፣ እሱን መለኪያ ማድረግ አይቻልም። መጀመሪያ ለዶክተሩ ሳሳየው ይስቅብኛል ብዬ ነበር፣ እሱ ግን ቁጭ ብሎ ገጽ ገለበጠና «ልጄ» የሚሉትን በጣቱ እየጠቆመ ቆጠራቸው። እናንተ ጀበና ካልሆነላችሁ የራሳችሁን ፈልጉ፣ የሸሚዝ ቁልፍ መቆለፍ፣ የሃይላንድ ውሃ ክዳን መክፈት፣ ሽንት ቤት ቁጢጥ ብሎ መነሳት (ይሄ ለጉልበት ከሁሉም የበለጠ እውነት ይናገራል፣ ማፈር የለም)። ዋናው በየቀኑ የምታደርጉት ነገር መሆኑ ነው።

ሰዓቷን የምጽፋት ደሞ ለምን መሰላችሁ፣ በኔ ዓይነት በሽታ ጠዋት ላይ መገጣጠሚያው ተሳስሮ የሚቆይበት ጊዜ በራሱ ምልክት ነው። በእድሜና በመበላት የሚመጣው የመገጣጠሚያ ሕመም ብዙ ጊዜ ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ይለቃል፣ የኔ ዓይነቱ ሲነሳበት ከአንድ ሰዓት በላይ ነው የሚቆየው። ስለዚ «ጠዋት ያመኛል» ብሎ መናገርና «12 ሰዓት ነቅቼ እስከ 3 ሰዓት ተኩል ጣቴ አይታጠፍም» ብሎ መናገር ለሐኪሙ ሁለት የተለያየ ነገር ነው። እኔ ይሄን እስካውቅ ድረስ ስንት ጊዜ «ያመኛል ዶክተር» ብቻ ብዬ እንደተመለስኩ።

ደብተሩ ዋጋውን የከፈለኝ ሜቶትሬክሴት የሚባለውን የቁርጥማት መድኃኒት ስጀምር ነው። ይሄ መድኃኒት ዛሬ ውጠሽው ነገ የሚታይ አደለም፣ ስራው እስኪታወቅ ከ6 እስከ 12 ሳምንት ይፈጃል፣ ደሞ በመሃል የሚያቅለሸልሸው ቶሎ ይመጣል፣ የሚያሽለው ዘግይቶ ይመጣል። ብዙ ሰው የሚያቆመው እዚ መሃል ላይ ነው፣ ወረፋ ላይ ያገኘኋት ከቦንጋ የምትመጣ አንዲት ሴትዮ «ምንም አልፈየደኝም ተውኩት» ብላኛለች፣ እኔም ያንን ልል ነበር፣ በእውነት ምንም የተለወጠ አይመስለኝም ነበር እኮ። አንድ ቀን ሱቅ ውስጥ ሰው ጠፍቶ ወደ ኋላ ገልበጥ ገልበጥ ሳደርግ፣ መጀመሪያ አካባቢ 3 ሰዓት ተኩል፣ 4 ሰዓት፣ እንደገና 3 ሰዓት ተኩል ይላል፣ ከዛ 3፣ ከዛ 2 ሰዓት ተኩል፣ መጨረሻ ላይ ልጆቹ ትምህርት ቤት ሳይወጡ ለቋል። በየቀኑ የሚቀንሰው ትንሽ ትንሽ ስለሆነ አላየሁትም እንጂ መድኃኒቱ ስራ ላይ ነበር።

ሜቶትሬክሴት ካነሳሁ አይቀር አንድ ነገር ጮክ ብዬ ልናገር፦ ለቁርጥማት የሚሰጠው በሳምንት አንድ ቀን ብቻ ነው። በሳምንት። በየቀኑ የዋጡት ሰዎች የደም ማምረቻቸው ተጎድቶ፣ አፋቸው ቆስሎ፣ የሞቱም አሉ፣ ይሄ በዓለም ዙሪያ የታወቀ ነገር ነው። ፍሬዋ ትንሽ ናት፣ የኔዋ ባለ 2.5 ሚሊግራም ናት፣ አንዴ በርከት አድርገው ስለሚያዝዙ «ለሳምንት የተከፋፈለች ነች» ብሎ የሚያስብ ሰው ሊኖር ይችላል። ስለዚ ቀን መምረጥ ነው፣ ቀኑን ደሞ ማንም የማይረሳው ቀን ማድረግ። የኔ ሐሙስ ነው፣ ሐሙስ ጅማ ገበያ ነው፣ ከአባ ጅፋር ዘመን ጀምሮ የሂርማታ ገበያ ቀን ሐሙስ ነው፣ ከተማው በሙሉ ሐሙስ መሆኑን ያስታውሰኛል። ደብተሩ ላይ ሐሙስ ማታ በትልቁ ሜ ብዬ ጽፌ እከብባታለሁ። ፎሊክ አሲዱን፣ የሜቶትሬክሴትን ጉዳት እንዲቀንስ አብሮ የሚታዘዘውን ቫይታሚን፣ በሌላ ቀን ነው የምወስደው፣ እሷን ፎ ብዬ። ሜ ያልተከበበበት ሐሙስ ካለ አልወሰድኩም ማለት ነው፣ ወስጄ ይሆን አልወሰድኩ ይሆን ብሎ ደግሞ መዋጥ የሚባል ነገር በዚ መድኃኒት አይሞከርም። ማርገዝ የምትፈልጉ ደሞ ከመጀመራችሁ በፊት ለሐኪማችሁ ንገሩ፣ ፅንስ ይጎዳል፣ ለወንዱም ቢሆን መጠየቁ ደግ ነው።

መድኃኒት ሲጠፋስ? ይጠፋል። አንዱ ፋርማሲ የለም፣ ሌላው ነገ ይመጣል፣ ከዛ አዲስ አበባ የሚሄድ ሰው መፈለግ፣ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ለአንድ ብልቃጥ ክኒን። እነዛን ሳምንታት ቀይ እስክሪብቶ አነሳለሁና «የለም» ብዬ እጽፋለሁ። ይሄ ትንሽ ነገር ይመስላል ግን አደለም። ዶክተሩ እብጠቱን አይቶ ካርዱ ላይ ደግሞ መድኃኒቱ ታዝዟል የሚለውን ብቻ ካየ «አልሰራላትም» ብሎ ነው የሚያስበው፣ ያኔ መጠኑን ይጨምራል ወይ ሌላ ይደርባል። አልሰራ ሳይሆን አልነበረም! ብዙዎቻችን ደሞ «አልወሰድኩም» ማለት ያሳፍረናል፣ የሚቆጡን ይመስለናል፣ ቢቆጡም ይቆጡ፣ ይጻፍ። መድኃኒቱ ከሌላ ፋብሪካ ሲመጣ የካርቶኑን ፎቶ አነሳለሁ፣ ቀለሙ ስለሚቀየር ሰው ግራ ይገባዋል።

ሐኪም ያላዘዘውም ይጻፋል። ያውም እሱ ነው ዋናው። ዲክሎፌናክ ከሱቅ እንደ ከረሜላ እየገዛን የምንውጠው፣ ያ መድኃኒት ጨጓራ ይልጣል ኩላሊትም ይነካል። አንዳንዱ ደሞ «አንድ መርፌ ወግተውኝ በነጋታው ተነሳሁ» ይላል፣ መርፌው ዴክሳ (ዴክሳሜታዞን) ሊሆን ይችላል፣ ስቴሮይድ ነው፣ እብጠት ቶሎ የሚያበርድ፣ ልክ እንደ ፕሬድኒሶሎን። ፕሬድኒሶሎን ራሱ ተአምር ነው፣ በሁለት በሦስት ቀን ሰው ያደርጋል፣ ግን ሲቆይ ስኳር ይጨምራል፣ ግፊት ይጨምራል፣ አጥንት ያሳሳል፣ ፊት ያሳብጣል፣ ደሞ ለረጅም ጊዜ ሲወሰድ ሰውነት የራሱን ሆርሞን መስራት ስለሚተው በድንገት ማቆም አይቻልም፣ በሐኪም ቀስ እያለ ነው የሚወርደው። የኔ ደብተር ላይ ከ10 ወደ 7.5፣ ከ7.5 ወደ 5 የወረደበት ቀን ሁሉ አለ፣ በወረደ ቁጥር የመጀመሪያዎቹ ቀናት ጀበናዋ ወደ «ሁለት እጅ» ትመለሳለች፣ ከዛ ትስተካከላለች፣ ይሄን ስላወቅኩ አሁን አልደነግጥም። ዳማከሴም ጤና አዳምም ፀበልም ይጻፋል። የንስሐ አባቴን ስለ ጾም ጠይቄያቸው «ልጄ፣ መድኃኒትሽን በሰዓቱ ዋጪ፣ ጾሙ ለሰው እንጂ ሰው ለጾሙ አልተፈጠረም» ብለውኛል፣ እሱንም ጽፌዋለሁ፣ ጎረቤት ሲጨቀጭቀኝ ማሳያ።

ይሄን ሁሉ መጻፍ ምን ያደርጋል ለምትሉ አንድ ነገር ልንገራችሁ። የሆነ ጊዜ ሽንቴ እያቃጠለኝ ቅርብ ያለ ክሊኒክ ሄድኩ፣ ስሙ ይቅር፣ ወረፋው ረጅም ነበር፣ ሌላ ምን ትወስጃለሽ ብሎ የጠየቀኝም የለ፣ ኮትሪሞክሳዞል የሚባል አንቲባዮቲክ ተጻፈልኝ። ወረቀቱን ይዤ ፋርማሲ ሄድኩ፣ ወረቀቷን ደብተሩ መሃል ሸጉጫት ስለነበር ስከፍተው ልጅቷ የመጀመሪያውን ገጽ አየችው፣ እዛ ላይ የምወስደው ሁሉ በትልቁ ተጽፏል። እጇ ቆመ። «እትዬ፣ ይሄን ሜቶትሬክሴት አሁንም እየወሰዱት ነው?» አዎ አልኳት። «እንግዲያ ይሄኛውን አልሰጥዎትም፣ ሁለቱ አብረው ከተወሰዱ የደም ሴል የሚያመርተውን መቅኔ ይጎዳሉ፣ ይደውሉላቸው ወይ እኔ ልደውል» አለችኝ። ደወለች፣ በሌላ ተቀየረ። ሃያዎቹ መጀመሪያ ላይ የምትሆን ልጅ ናት። ከዛን ቀን ጀምሮ የመጀመሪያው ገጽ ሁሌ የታደሰ ነው፣ ፎቶውም ስልኬ ላይ አለ፣ ባለቤቴ ስልክ ላይም አለ። ትኩሳት ሲነሳብኝም እንደዛው ነው፣ እዚ አካባቢ ሰው ትኩሳት ሲይዘው ወባ ተመርመሪ ነው የሚባለው፣ ልክ ነው መመርመር አለበት፣ ግን የኔ መድኃኒት መከላከያዬን ስለሚያዳክም ትኩሳት ለኔ ቤት ተኝቶ የሚጠበቅ ነገር አደለም፣ ገጹን ይዤ ነው የምሮጠው።

ቀንና ሰዓት ላይ የኛ አገር ሰው ልዩ ፈተና አለው። የቀጠሮ ካርዱ በኛ አቆጣጠር፣ የላብራቶሪ ወረቀቱ በፈረንጅ፣ የመድኃኒቱ ማብቂያ በፈረንጅ፣ አንዱ ዶክተር 3/5 ብሎ ሲጽፍ ሕዳር ይሁን ጥር ይሁን ወይ ማርች ይሁን እግዜር ይወቀው። እኔ በሁለቱም ነው የምጽፈው፣ ወሩን ደሞ በስሙ፣ ጥር፣ የካቲት እያልኩ። ሰዓቱ በኛ ነው፣ ግን ጠዋት ማታ የምትለዋን አልተዋትም። የደም ውጤቶቹን፣ ሲቢሲውን (የደም ሴል ቆጠራውን)፣ የጉበቱን፣ የኩላሊቱን፣ ኢኤስአሩን (ሰውነት ውስጥ ያለውን ብግነት የሚያሳየውን)፣ ከኋላ ባሉት ገጾች በተራ እገለብጣቸዋለሁ፣ ወረቀቶቹ ይጠፋሉ፣ ካርድም ይጠፋል፣ እሱን ተዉት።

አሁን ሳቅ የሚመጣበት ነገር፣ የእጅ ሕመምተኛ ሆኖ ደብተር መጻፍ። ባሰብኝ ቀን እስክሪብቶ መያዝ አልችልም፣ መጻፍ ያለብኝ ደግሞ ያን ቀን ነው። ቴሌግራም ላይ ለራሴ ድምፅ እልካለሁ፣ ያቺ ለራስ የምትቀመጥ የተቀመጡ መልእክቶች የምትባለዋ ላይ፣ «ረቡዕ፣ ልጄ ቀዳች፣ ሁለቱም አንጓ» ብዬ፣ ቀኑንና ሰዓቱን ስልኩ ራሱ ይይዝልኛል። ያበጠውን እጅ ፎቶ አነሳለሁ፣ ከቤቱ መስኮት ስር፣ ሁሌ እዛው ቦታ ላይ ሁሌ ከላይ። እብጠት የሐኪም ቀጠሮ ያውቃል ልበል? በቀጠሮው ቀን ድራሹ ይጠፋል፣ «ባለፈው ሳምንት እንዲህ ሆኖ ነበር» ብሎ በባዶ እጅ ማስረዳት ደሞ ውሸታም ያስመስላል።

አንዳንዴ ልጄ ናት የምትጽፍልኝ፣ 8ኛ ክፍል ናት፣ እኔ እየተናገርኩ። እሷ ስትጽፍልኝ ከጀርባ የነበረችውን ገጽ አንብባለች፣ አንድ ሌሊት ያላስተኛኝ ጊዜ «መኖር አስጠላኝ» ብዬ የጻፍኩትን። ምንም አላለችም። ማታ ላይ መጥታ ጎኔ ተኛች፣ ትልቅ ሆና ከኔ ጋ ከተኛች ቆይታለች። ያን ጊዜ ነው ሁለት ደብተር መሆን እንዳለበት የገባኝ፣ ለሰው የሚታየውና ለኔ ብቻ የሆነው። ግን የሐዘኑንም ነገር ከሐኪም መደበቅ የለብንም፣ ረጅም ሕመም ያለበት ሰው ድብርት መያዙ የተለመደ ነገር ነው፣ መድኃኒትም ምክርም አለው፣ ስለዚ በሚታየው ደብተር ላይ «እንቅልፍ የለም፣ ልቤ ከብዶኛል» ብዬ እጽፋለሁ፣ ዝርዝሩ የኔ ነው።

ቀኑን ሙሉ መጻፍ ግን አልወድም። አንዳንድ ሰው አለ በየሰዓቱ የሚመዘግብ፣ ሕመም ሲፈለግ ሁሌ ይገኛል እኮ፣ የትኛው ጣት አመመኝ እያሉ መዋል ራሱ ሌላ በሽታ ነው። ጠዋት አንዴ፣ ማታ አንዴ። ደህና የዋልኩ ቀን አንድ ሰረዝ ብቻ። ሰው የሚለውንም ሁሉ አልጽፍም፣ «ብርድ ነው፣ የጅማ ዝናብ ነው» ይሉኛል፣ የኔ ደብተር ላይ ሐምሌና ጥር ያን ያህል ልዩነት የላቸውም፣ የሚለየው እንቅልፍ ያጣሁበትና መድኃኒት የጠፋበት ሳምንት ነው። የሌላው ሰው ግን ሌላ ሊሆን ይችላል፣ የራሱን አይቶ ይፍረድ።

ቀጠሮ ሲደርስ ደብተሩን ሙሉውን ለሐኪም አልሰጥም፣ ማን ያነባል፣ በየጊዜው ደግሞ ሌላ ሐኪም ነው የሚያየኝ፣ እያንዳንዱም ከ ሀ ነው የሚጀምረው፣ ከኋላዬ ከሚዛን፣ ከበደሌ ሌሊት ተነስቶ የመጣ ሰው ተሰልፏል። ማታውኑ አንድ ገጽ አወጣለሁ፦ የምወስደው፣ የጎደለው ሳምንት፣ ከሁሉም የከፋው ቀን፣ ከዛ ጥያቄዬ። ጥያቄውን ከላይ ነው የምጽፈው፣ ከስር ከተጻፈ ሳይደረስበት ነው «በይ ደህና ሁኚ» የሚባለው። «እንዴት ነሽ?» ሲለኝ ገጿን እሰጠዋለሁ።

ለፊታችን ወር ቀጠሮ እስካሁን ሁለት ጽፌያለሁ። አንደኛው፣ ፕሬድኒሶሎኑ ከ5 በታች መውረድ ይችላል ወይ የሚል ነው፣ ከፋሲካ ወዲህ ጀበናዋ ከሞላ ጎደል «አንድ እጅ» ናት። ሁለተኛው፣ ክረምት ሳይገባ የሦስት ወር መድኃኒት አንዴ ሊጽፉልኝ ይችሉ እንደሆነ፣ ካልቻሉስ ሜቶትሬክሴት ሲጠፋ በመሃል ምን ማድረግ እንዳለብኝ በጽሑፍ እንዲሰጡኝ።